በመዶሻና በከመነዳሪ፦ የአንባቢያን የጥገና ጥያቄዎች

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከሐርቡ፣ ከገርባ፣ ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከደጋንና ከደሴ ከተማ የመጡ ናቸው። እንደምታውቁት እኔ ኮምቦልቻ የምሠራ የብየዳና የሞተር ሰው ነኝ። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የጻፋችሁልኝ አትቀየሙኝ፤ እሱን ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ተዉት። ብረት፣ ጎማ፣ ቺንጋና ሽቦ ከሆነ ግን እንነጋገር።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ሐርቡ አካባቢ፣ ቦርከና ዳር ሽንኩርት አለማለሁ። ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ አለኝ። ክረምቱ እንደወጣ በደንብ ይስብልኝ ነበር። አሁን ወንዙ ሲጎድል ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ውሃ አያወጣም። ወረቀቱ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ይላል። እኔ ከውሃው እስከ ፓምፑ በገመድ ስለካው 7 ሜትር ብቻ ነው። ጎረቤቴ «ፒስተኑ አልቋል፣ አስፈታው» አለኝ። ላስፈታው ወይ?
ሽንኩርት አምራች፣ ከሐርቡ

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። አብሽር፣ ሞተርህን እንዳታስፈታ። ፒስተኑ ያለቀ ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ያጨሳል፣ ዘይት ይበላል እንጂ እንዲህ አይጮህም። ያንተ የሚጮኸው የሚገፋው ውሃ ስላጣ ነው። ጎረቤትህ ደግ ሰው ይሆናል፤ ምክሩ ግን ብር ያስወጣሃል።

ነገሩ ያለው አገራችን ከፍታ ላይ ነው። ፓምፕ ውሃን በራሱ አይጎትትም። ከጎማው ውስጥ አየሩን ያወጣል፤ ከዚያ ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣው ወንዙ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ያ አየር ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ከምናምን ከፍ ያደርገዋል። እኛ ኮምቦልቻ ግን ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ 8 ሜትር ከትንሽ ነው የሚያወጣው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 7 ሜትር ተኩል ይወርዳል። ይህም ምንም ነገር ሳይባክን ነው። ጎማው ውስጥ የሚባክነውን፣ ፉት ቫልቩ፣ ማለትም ጎማው ጫፍ ላይ ውሃ እንዳይመለስ የሚያግደው ክዳን፣ የሚይዘውን ስትቀንስ የሚቀርህ ትንሽ ነው። ወረቀትህ ላይ ያለው 8 ሜትር የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 1 ሜትር ቀንስለት። ሐርቡ ከኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል አንተ ትንሽ ይሻልሃል። ቢሆንም ከ5 ሜትር በላይ አትመነው።

ፓምፕ ሲስብ ሰነፍ ነው፣ ሲገፋ ግን ጎበዝ ነው። ያው ያንተው ፓምፕ ወደ ላይ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ የመሳቢያውን ጎማ አሳጥር፣ የመግፊያውን አስረዝም። የወንዙን ዳር ቆርጠህ ፓምፑ የሚቀመጥበት ደረጃ አውጣ። ከውሃው 3 ወይም 4 ሜትር ከፍ ያለ ይሁን። ሥሩን በድንጋይ ደልድለው፤ ሞተር በንዝረት እየተንሸራተተ ወንዝ ይገባል። ላይ ደሴ ዘንቦ ቦርከና ድንገት ሊሞላ ስለሚችል ማታ ማታ አውጣው። በሁለት በኩል የቱቦ እጀታ ብታስበይድለት ለሁለት ሰው ሸክሙ ይቀላል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገርህ። እኔ ያልኩህ ክፍት ደረጃ ነው። «ጉድጓድ ውስጥ ላውርደው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። የቤንዚንም የናፍጣም ሞተር የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም። ከማርሚታው ከሚወጣው ጭስ ጋር ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለ፤ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። የወደቀውን ላውጣ ብሎ የገባም አብሮ ይቀራል።

ደረጃውን ከመቆፈርህ በፊት ደግሞ ጎማህ አየር እንደማያስገባ እይ። ውሃ የሚያፈስ ጎማ ያስታውቃል፤ አየር የሚስብ ጎማ ግን ደረቅ ነው፣ ምንም አይታይህም። ሞተሩን አስነሣና በየመጋጠሚያው የኦሞ አረፋ ቀባ። አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ቀዳዳህን አገኘኸው።

ፋሸታ፣ ማለትም ጎማ የሚያጠብቀው የብረት ማሰሪያ፣ ከሌለህ ከመነዳሪ ይበቃሃል። የቆየ የብስክሌት ወይም የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ ሁለት ጣት አድርገህ በረጅሙ ቅደድ። መጋጠሚያውን በደንብ አድርቅ። ከዚያ ላስቲኩ እጥፍ እስኪረዝም እየለጠጥክ፣ አዲሱን ዙር በፊተኛው ላይ በግማሽ እያስደረብክ ጠምጥም። ጫፉን ከመጨረሻው ዙር ሥር አሳልፈህ ሳብ። በላዩ ሽቦ አትሰር፣ ሽቦ ይቆርጠዋል። በመሳቢያው ጎን ይህ ነገር ከላላ ፋሸታ በብዙ ይሻላል፤ የውጭው አየር ራሱ ወደ ውስጥ ስለሚጭነው ይበልጥ ይጠብቃል። በመግፊያው ጎን ግን አይሆንም፤ እዚያ ውሃው ወደ ውጭ ስለሚገፋ ፋሸታ ግዛ።

ስትጨርስ ቀይ ጨርቅ እሰርበት። እኔ ጋ ለጊዜው የተሠራ ዕቃ ሁሉ ቀይ ጨርቅ ይዞ ነው የሚወጣው። ለጊዜው መሥራት ነውር የለውም፣ እኔም ከዚያ ነው የምበላው። ጣጣው ባለቤቱ ሲረሳው ነው። ጨርቁን ሲያይ ገበያ ሲወጣ ትክክለኛውን ዕቃ መግዛት ትዝ ይለዋል። የሠራተኛ ሰውም «ይህ ነገር የተጠጋገነ ነው» ብሎ ይጠነቀቃል።

የፉት ቫልቩ ወንፊት ከጠፋ ደግሞ ከጀሪካን ይሠራል። ጀሪካኑ ላይ ባለ 10 ሚሊ ፌሮ አግለህ ብሳው። ሰው የሚሳሳተው ቀዳዳ በማሳነስ ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት ተደምሮ የጎማውን አፍ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ለባለ 3 ኢንች ጎማ በዚህ ፌሮ 170 ያህል ቀዳዳ ማለት ነው። በላዩ የሽንኩርት ጆንያ አልብሰው። አጎበር ግን አታልብስ። አጎበሩ ለወባ ነው የተሰጠህ፣ ሐርቡ ደግሞ ወባ አይታጣም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመስኖ ፓምፓችን በመብራት ነው የሚሠራው። ፊውዙ ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ ስላስቸገረን በመዳብ ሽቦ ተካነው። አሁን ጥሩ እየሠራ ነው። ችግር አለው?
ከገርባ

መልስ፦ አለው። ዛሬውኑ አውጡት። ፊውዙ የሚቃጠለው ሞተራችሁና ሰዉ እንዳይቃጠል ነው። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉና ዘንጉን በእጅ አዙሩት። ከከበደ ኩሽኔታው ደርቋል፣ ወይም ፓምፑ ውስጥ ድንጋይ ገብቷል። እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ ከሦስቱ የመብራት መስመር አንዱ ጠፍቶ ይሆናል፤ እሱን በመብራት ባለሙያ አስለኩ። ለዚህ ዓይነቱ ጥገና ቀይ ጨርቅም የለኝም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ። የምጽፍልህ በልጄ እጅ ነው። ማረሻዬ ጫፉ ቢያልቅ የመኪና ባሌስትራ አስበየድኩበት። ገና ማሳውን ሳላጋምስ ከብየዳው አጠገብ ቀጭ አለ። ብየዳው ራሱ አልተላቀቀም። በዪው «ባሌስትራው መናኛ ነው» ይላል። ቀደም ሲል ደግሞ ፌሮ አስበይጄ ነበር፤ እሱ አይሰበርም፣ ግን እንደ ሳሙና ያልቃል። የእኛ ማሳ ድንጋያማ ነው። ምን ትመክረኛለህ?
ከኩታበር

መልስ፦ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደኅና ነኝ። ባሌስትራው መናኛ አይደለም። እንዲያውም መንደር ውስጥ ከሚገኝ ብረት ለማረሻ ከእሱ የሚሻል የለም። ብየዳው ሳይላቀቅ ከጎኑ መሰበሩ ጥፋቱ የት እንዳለ ይነግረናል።

ባሌስትራ ውስጥ ከመቶ ግማሽ ያህል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ካርቦን አለ። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ፌሮ ያለው የዚህን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ለዚህ ነው የሚያልቀው። ካርቦን የበዛበት ብረት ግን ጠባየኛ ነው። በዪው በቀዝቃዛው ላይ ሲበይደው ከብየዳው አጠገብ ያለው ቦታ በአንዴ ይግላል፣ ከዚያ የቀረው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ይነጥቀዋል። በድንገት የቀዘቀዘው ክፍል ከመጠን በላይ ይጠነክራል፣ ይሰባበራል። ድንጋይ ሲነካው ቀጭ።

እኔን ከጠየቁኝ ያለ ብየዳ ቢሠራ ይሻላል። ማረሻውን እንዳለ ከባሌስትራ የሚቀጠቅጥ ባለ እጅ ካገኙ እሱ ጋ ይውሰዱት። እኔ ብረት ማጠንከርን ያየሁት ከነሱ ነው፤ ዛሬም ብዙ ወጣት በዪ ማሽን ስለያዘ ብቻ ሲንቃቸው ያናድደኛል። አሮጌውን ማረሻ አብረው ይውሰዱ። የአዲሱ ጎድጓዳ ከአሮጌው ጋር ካልገጠመ ወገሉ አይዘውም፣ አነካከሱም ይበላሻል፤ ወይ ምድር ላይ ይንሸራተታል ወይ በሬዎቹን ይገድላል።

የግድ ብየዳ ከሆነ ይህን ለበዪው ያንብቡለት። መጀመሪያ ባሌስትራውን ከሰል ላይ ያሙቀው። ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ሳይረጋ እየዘለለ እስኪጠፋ ድረስ ማለት ነው። ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም የብየዳው ዘንግ፣ 7018 የሚባለው ይሁን፣ እሱንም እሳት ዳር ያድርቀው፤ እርጥበት ያለው ኤሌክትሮድ ስንጥቅ ያመጣል። በይዶ እንደጨረሰ ውሃ እንዳያስነካው! በዪዎች የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው፤ ቸኩለው ባልዲ ውስጥ ይነክሩታል። ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብረው እስኪነጋ ይተዉት።

በነጋታው ጫፉ ይጠናከራል። ሁለት ጣት ያህል ብቻ፣ ብየዳው ሳይነካ። ጫፉን በወናፍ ያግሉት። መቼ እንደበቃው ለማወቅ የድሮ ራዲዮ ስፒከር ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለው ያስጠጉት። ማግኔቱ ብረቱን መሳብ ሲያቆም ግለቱ ደርሷል። ያኔ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ይንከሩት። ውሃ ውስጥ ከገባ ይሰነጠቃል። ከዚያ በሞረድ ይሞክሩት፤ ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ጠንክሯል።

እዚህ ላይ ካቆሙ ግን አሁንም ይሰበራል። ስለዚህ ይመለስለታል፣ ማለትም ጥንካሬው ትንሽ ይቀነስለታል። ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ወይም በድንጋይ አሽተው ነጭ ያድርጉት። ከዚያ ከጫፉ ራቅ ብሎ ያለውን ክፍል ቀስ እያሉ ያሙቁት፣ ዓይንዎን ከነጩ ቦታ አይንቀሉ። ቀለም እየተጓዘ ወደ ጫፉ ይመጣል። መጀመሪያ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ድንጋይ ለሌለው ማሳ ቡናማው ይበቃል። ለእርስዎ ማሳ ወይን ጠጁ አልፎ ሰማያዊው ጫፉ ላይ ሲደርስ ዘይት ውስጥ ይንከሩት። ትንሽ ቶሎ ያልቃል፣ ግን አይሰበርም። ይህን ሥራ ጥላ ውስጥ ይሥሩት፣ ፀሐይ ላይ ቀለሙ አይታይም።

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ በርሜል ገዝቼ ነበር። ለከብት ውሃ ማጠጫ ለሁለት ላስከፍለው ነው። በዪው አልቆርጥም አለኝ፣ ለምንድነው?
ከደሴ

መልስ፦ በዪህ አዋቂ ነው፣ አመስግነው። ቤንዚን ወይም ቀለም ማቅጠኛ የነበረበት በርሜል ባዶ ሲመስል ነው አደገኛ የሚሆነው። የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ የግራይንደር ብልጭታ ይጠብቃል። በኦሞ ደጋግመህ እጠበው። ከዚያ እስከምትቆርጥበት መስመር ድረስ ውሃ ሞልተህ፣ ክዳኑን ከፍተህ፣ ግራይንደሩን ትተህ በመዶሻና በመሮ ቁረጠው። ውስጡ የነበረው የፀረ ተባይ መድኃኒት ከሆነ ግን ለከብትም ለሰውም አይሆንም፣ ቢታጠብም አይሆንም። ሻጩ ምን እንደነበረበት ካልነገረህም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐይቅ አካባቢ ተደራጅተን የምንሠራ ልጆች ነን። ከቆመ ፓምፕ ላይ ያወጣነው ባለ 10 ፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር አለን። ያረጀ የማሽላ መውቂያ ገዝተን ከሱ ጋር አያያዝነው። ፍሬውን ግን ይሰባብረዋል። የሞተሩ ሰሌዳ በደቂቃ 2,600 ዙር ይላል፣ የመውቂያው 650። ሞተሩ ላይ ያለው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ) 12 ሳንቲም፣ መውቂያው ላይ ያሰርነው 30 ሳንቲም ነው። ቺንጋው ስለሚላላ አንዱ ልጅ በእንጨት እየገፋ ያጠብቀዋል።
ከሐይቅ

መልስ፦ ጎበዞች፣ ቁጥሩን ሁሉ ስለጻፋችሁልኝ ደስ ብሎኛል። 2,600ን በ12 አባዙ፣ ለ30 አካፍሉ። 1,040 ይመጣል። መውቂያችሁ 650 መዞር ሲገባው 1,040 እየዞረ ነው፤ ፍሬው ቢሰባበር አይፈረድበትም። ለ650 የሚሆነው ፑሌጃ 48 ሳንቲም ነው። «የሞተሩን እናሳንሰው» ብትሉ 7 ሳንቲም ተኩል ይሆናል፤ በዚያ ላይ ቺንጋ አጥብቆ ስለሚታጠፍ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ነዳጁን ቀንሶ ዙሩን ማውረድም ጉልበት ያሳጣል። ጉልበታችሁ ደግሞ ቀድሞም ተነክቷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ አንድ ያህል ያጣል። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ስለሚጠጋ 10 ፈረስ የተባለው ሞተር 8 ቢሰጣችሁ ነው። ስታጎርሱ አትጨናነቁ።

48 ሳንቲም ፑሌጃ ውድ ነው። መልካሙ ነገር፣ አንዱ ከሌላው ከሦስት እጥፍ በላይ ሲተልቅ ትልቁ የግድ ቦይ አያስፈልገውም። ጠፍጣፋ ይሁን፣ ቺንጋው በሆዱ ይይዘዋል። የናንተው አራት እጥፍ ስለሆነ ይሠራል። ስለዚህ በልኩ ከደረቅ ወይራ ወይም ከወፍራም ላሜራ አሠሩና ቶርኖ ቤት አስተካክሉት። ትንሹ ግን ቦይ ያለው መሆን አለበት። ከማሰራችሁ በፊት ዘንግ ላይ አንጠልጥሉት፤ ሁልጊዜ አንዱ ጎን ወደ ታች ከመጣ ከዚያ ጎን ብሱና አቅልሉት። ያልተመጣጠነ ፑሌጃ ኩሽኔታ ይበላል።

በእንጨት የሚገፋውን ልጅ ዛሬውኑ አስነሱት። የሞተሩን መቀመጫ በአንድ በኩል በማጠፊያ እሰሩት፣ በሌላው በኩል ረጅም ብሎን ከሁለት ዳዶ ጋር አድርጉ። ብሎኑን ስታጠብቁ ሞተሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቺንጋው ይወጠራል። መሐሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ ካጎነበሰ በቂ ነው።

ከዚያ ሽፋን። ላሜራ ከሌለ የዶሮ ሽቦ በእንጨት ፍሬም ላይ። ለመውቂያ ጋቢና ነጠላ ለብሶ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ ጫፉን ቺንጋው ከያዘው ሰውየውን ይዞት ነው የሚሄደው። የማጉረሻውን አፍም አስረዝሙት፤ የረጅሙ ልጅ ክንድ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ጥርሱ ጋ የማይደርስ መሆን አለበት። በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ የለንም ብትሉኝ አልሰማችሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቲማቲም የምረጭበት የጀርባ መርጫ ከእጀታው ያፈሳል። ጎማዋን ከከመነዳሪ ቆርጬ ብተካት ወዲያው አብጣ ተጣበቀች። አፍንጫውም እየተደፈነ ያስቸግረኛል፣ ባለቤቴ በአፉ እየነፋ ይከፍተዋል። ምን ላድርግ?
ከደጋን

መልስ፦ እህቴ፣ ከመነዳሪ ለውሃ ነው የሚሆነው። ብዙ የመርጫ መድኃኒት የሚሟሟው ነዳጅ በመሰለ ፈሳሽ ስለሆነ ከመነዳሪውን ያሳብጠዋል። መለዋወጫ ቤት ሄደሽ ዘይት የሚችለውን ጥቁር ቀለበት ጎማ፣ ናይትራይል የሚባለውን፣ በልኩ ጠይቂ። አሮጌዋን ይዘሽ ሂጂ። ስትገጥሚው ሳሙና ቀቢው እንጂ ግሪስ አትቀቢው።

ባለቤትሽ አፉን እዚያ ላይ እንዳያደርግ ንገሪው፤ የሚነፋው መርዝ ነው። አፍንጫውን ፍቺና ጓንት አድርገሽ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ከዚያ በሣር አገዳ ወይም በጥርስ ብሩሽ ጸጉር ጎርጉሪው። ሽቦና መርፌ አይሆንም፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ የሰፋ አፍንጫ ደግሞ መድኃኒት ያባክናል። ሁልጊዜ ስትሞዪውም በጨርቅ አጥልዪው፣ አብዛኛው ነገር የሚደፈነው ባልተጣራ ውሃ ነው።

ሰፍቶ እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ ባዶ ውሃ ሙዪና ለአንድ ደቂቃ ልኬት ባለው ጆግ ውስጥ እርጪ። አዲስ አፍንጫ ገዝተሽ በእሱም እንዲሁ ለኪ። አሮጌው ከአዲሱ ከአንድ አሥረኛ በላይ አብልጦ ካወጣ ጣዪው።